50 ሎሚ፣ 50 ሉክስ

የደብረ ማርቆስ ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የድሮ ፖስተሮች ለምናሳይበት ክፍል መብራት ልንለምናችሁ ነው። ጠፍቶብን ሳይሆን በዝቶብን።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወር፣ ገበሬው ወደ ታጠቅ ጦር ሠፈር ሲተም፣ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» የሚለው መፈክር የትም ነበር። ፖስተሮቹ ከመንገድ ማዶ እንዲነበቡ ፊደላቸው ወፍራም፣ ቀለማቸው ጥቂት ነው። የካቲት 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ ፖስተሩ ግን የጭቃ ቤት ግድግዳ መለበጫ ሆኖ ቀረ። እነዚያን ነው የሰበሰብነው። ደርግን ልናወድስ አይደለም፤ የሠዓሊዎቹን እጅ ልናሳይ ነው።

አንዱ በሊጥ የተለጠፈ ነበር። ጀርባው ላይ እስካሁን ገለባ አለ። ፊቱ ሮዝ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ብቻ አራት ማዕዘን ደማቅ ቀይ ቀርቷል። የቤቱ እናት «እዚያ ጋ የሠርጌ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር» አሉን። ፎቶው ከልሎት ነው።

ይህን አይተንም እኛው አጠፋን። ሌላውን ፖስተር መስኮት ፊት ለፊት ሰቅለን በጋው አለፈ፤ ቀዩ ገረጣ። የገረጣ ቀለም ደግሞ አይመለስም።

ብርሃን ወረቀት ላይ ጉዳቱን ያጠራቅማል። በ1000 ሉክስ (ሉክስ አንድ ነገር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው) አንድ ሰዓት ማብራት፣ በ50 ሉክስ 20 ሰዓት እንደማብራት ነው። ሙዚየሞች ለወረቀት 50 ሉክስ ገደማ የሚመርጡት ለዚህ ነው። (50 ሎሚ ለ50 ሰው ጌጡ የሚለውን እንግዲህ እናንተ ጨርሱት።)

የሚያስፈልገን 16 ትንንሽ የኤልኢዲ ስፖትላይት ከነማደብዘዣው፣ አልትራቫዮሌትን፣ ማለትም ቀለም የሚያገረጣውን የማይታይ ጨረር፣ የሚከለክል የመስኮት ፊልም፣ ጥቁር መጋረጃና አንድ የብርሃን መለኪያ ነው። አምፖሉ ቀለም በደንብ የሚያሳይ፣ በባለሙያዎቹ የቀለም ማሳያ መለኪያ (CRI) ከ100 ከ90 በላይ የሆነ መሆን አለበት። ርካሹን ሞክረነዋል፤ ቀዩን ቡናማ አደረገው። ገብቶ «ጨለመኝ» የሚል አይጠፋም፤ ሁለት ደቂቃ ይታገሥ፣ ዓይን ይለምዳል።

የአንድ አምፖል ዋጋ የቻለ አንድ፣ ያልቻለ ከጓደኛው ጋር ግማሽ። ብሩ በኮሚቴው የጋራ ሂሳብ ይገባል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ የተገዛውም ዕቃ ከነዋጋው በር ላይ ይለጠፋል። ኤሌክትሪክ የምትሠሩ ልጆች፣ የእናንተ ሁለት ቅዳሜ ከብር አይተናነስም።

ደግሞ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፖስተር ያለው ሰው ካለ፣ አደራ፣ እንዳትልጡት። ይንገሩን፣ እኛ እንመጣለን።