የጎደለው ግንዛቤ አልነበረም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ላይ ስለ ኮቪድ ዘመን የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ሕዝባችን የጤና ምክር የማይተገብረው «በግንዛቤ እጥረት» ነው ይላሉ። እኔ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊም ነኝ፤ እናንተ እድር የምትሉት ማለቴ ነው። ማን መዋጮ እንዳቃተው፣ በማን ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር መዝገቤ ላይ አለ። ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት ልቃወማቸው።

ሰፈራችን ውስጥ ምክሩን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት ማስታወቂያው ይነገረን የለ? ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ሁለት የአዋቂ እርምጃ» እያሉ ይጫወቱበት ነበር። ምክሩ ግን ዋጋ ነበረው። የቻለ ከፈለና ተገበረው፤ ያልቻለ ሰምቶ አለፈ።

ከእጅ መታጠቡ ልጀምር። እኛ ሰፈር ያኔ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃውም አንዳንዴ ይረሳናል። ቧንቧ የሌለው በጀሪካን ይገዛል። ስድስት ሰው ያለበትን ቤት እንውሰድ። አንዱ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢታጠብ፣ ለአንድ ጊዜ አንድ ሊትር ቢበቃው፣ በቀን 30 ሊትር ይሆናል። በ20 ሊትሯ ጀሪካን አንድ ተኩል ማለት ነው፤ ያውም ለእጅ ብቻ። ወጡ፣ ቡናው፣ የሕፃኑ ጨርቅ ገና አልተነሳም። አንዲት ጎረቤቴ የዕቃ እጣቢውን አስቀምጣ ልጆቿ ከውጭ ሲገቡ በእሱ ታስታጥባቸው ነበር። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን እንደሚያፈርሰው በሬዲዮ ሰምታለች። እጣቢው ደግሞ ሳሙና አለው። ይህችን ሴት ግንዛቤ የላትም የሚል ካለ ይምጣና ያናግራት። ያጣችው ሁለተኛውን ጀሪካን ነው። በየሱቁ በር ላይ የቆሙት የመታጠቢያ በርሜሎች ለጥቂት ሳምንት ሠሩና ደረቁ። የባንኮቹ ብቻ ቀሩ።

ስለ ማስክ እንኳ እኔን ጠይቁኝ። መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ ሱሪ ማሳጠሩን ትቼ ማስክ ስሰፋ ከረምኩ። ግንቦት 28 የዓለም ጤና ድርጅት የጨርቅ ማስክ ባለ ሦስት ድርብ ይሁን አለ። እሺ ብዬ ሰፋሁ። ባለ ሦስት ድርቡን የገዙኝ ደመወዝተኞቹ ናቸው። ሊስትሮዎቹና ረዳቶቹ ባለ አንዱን ቀንስልኝ እያሉ ይከራከሩኝ ነበር። አንድ ማስክ ለአንድ ቤተሰብ የገዛም ነበር። ባል ከሥራ ሲገባ ሚስት እሱኑ አጥልቃ ገበያ ትወጣለች። ፖሊስ እንዳይዛቸው ነበር ጭንቀታቸው። በሽታው ሁለተኛ ነው።

ትራንስፖርቱም እንደዚያው። ታክሲው በግማሽ ይጫን ተባለ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከደሴ ኮምቦልቻ ተመላልሶ የሚሠራ ሰው እጥፉን ከየት ያምጣ? ጠዋት ጠዋት የአሸዋ አይሱዙ ላይ ተጠጋግተው የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርዱትን አይቻለሁ። ተራራቁ ተብሎ የወጣው ሕግ እነሱን ይበልጥ አጠጋጋቸው።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ የእህቴ ልጅ አለችኝ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሁለቱ በቀን ሺፍት፣ ሁለቱ በሌሊት ይገባሉ። ፍራሹ አይቀዘቅዝም፤ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። አንዷን ትኩሳት ያዛት። «ራስሽን ለ14 ቀን ለይ» ተባለች። ከምን? ግድግዳው እንኳ የእሷ አይደለም። ሳትሠራ የዋለችበት ቀን ደግሞ ከደመወዟ ይቆረጣል። በሦስተኛው ቀን ፓራሲታሞል ውጣ ገባች።

የጽሑፉ ባለቤት በጣም ያዘኑት በሽታቸውን በሚደብቁ ሰዎች ላይ ነው። እኔም አንዷን አውቃለሁ። ጉሊት ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ባልቴት ናት፤ የቅሬያችን አባል። ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመራት። ልጇ በኮቪድ መጠቆሚያው መስመር 8335 ልደውል ሲል ስልኩን ቀማችው። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ሞት እንደሁ አንዴ ነው ልጄ፤ ስሜ ከወጣ ግን ድንቼን ማን ይገዛኛል?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? እውነቷን ነው። ሕክምናው የነበረው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ ይመስገኑ፣ ብዙ ሰው አድነዋል። ግን ቦሩ ሜዳ ለዘመናት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረ ቦታ ነው። በእሷ ዕድሜ ላለ ሰው እዚያ መወሰድ ማለት ከሰው መለየት ማለት ነበር። አምቡላንሱ በሯ ላይ ሲቆም መንደሩ ሁሉ ያያል። ገበያዋ ያኔውኑ ያልቃል። ደግሞ ድንቹ የተወሰደው በዱቤ ነው፤ አከፋፋዩ እስክትድን አይታገሥም።

እሷን ቤት ያዋላት ቅሬው ነው። የቅሬ ገንዘብ የሞተ መቅበሪያ ነው፤ ለቁም ሰው አይነካም ብለው የተከራከሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ጉባኤ መጥራት አልቻልንም። መዝገቡን ይዘን ቤት ለቤት እየዞርን አስፈረምን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ፈረመ። ፋሲካው በዝምታ አልፎ፣ ረመዳኑም መስጊድ ሳይኬድበት ከወጣ በኋላ የሰው ልብ ሳስቶ ስለነበር ይመስለኛል እንዲህ የቀለለን። ለደካሞችና ለታመሙት ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና ገዛን። ለባልቴቷም የድንቹን ዱቤ ግማሽ ከፈልንላትና ከአከፋፋዩ ጋር ተነጋገርን። እሷም «እንግዲያ ምን አስወጣኝ!» ብላ ተሻላት እስክትባል ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም። አንድም የግንዛቤ ማስጨበጫ አልሰጠናትም።

መንግሥትም ቢሆን ይህ የገባው ጊዜ ነበር። በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው። «ቤት ዋሉ» የሚለው ምክር የምር የሆነው ያኔ ነው። ከቤቱ እንዳይባረር ዋስትና የተሰጠው ሰው ቢያንስ የሚውልበት ቤት አለው።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ፈጀው፤ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ሲደርስ ሰው ጓሮውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ጭሱ ይጥቀም ይጉዳ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሁን አሁን ተዉ የሚሉ የጤና ሰዎችም አሉ። ግን መጥረጊያና ክብሪት ማንም ቤት አለ። ማንም ስለቻለው ዘለቀ።

በ2013 መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሰሜን ወሎ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ገቡ። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመማሪያ ክፍሉ ብዙ ቤተሰብ ተደራርቦ ያድር ነበር። ግድግዳው ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ። ጥቅምት ላይ እኛም ራሳችን ተሰደድን። ያን ጊዜ ኮቪድን ያስታወሰ ሰው አላጋጠመኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አስቸኳይ ሁኔታው አብቅቷል ብሏል። በሽታ ግን አያልቅም። የሚቀጥለው ሲመጣ ፖስተር ከመታተሙ በፊት ጥቂት ነገር ይታሰብልን። የውሃ ቦቴ መጀመሪያ ፈረቃ ወደማይደርስበት ሰፈር ይሂድ። ራስህን ለይ የተባለ የቀን ሠራተኛ የ14 ቀን እንጀራው አብሮ ይታሰብለት። ማን እንደሚቸገር አናውቅም እንዳይባል ደግሞ መዝገቡ አለ። ደሴ ድሆችን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ቀበሌው ዘንድ ነው። እዚያ ያልገባው ደግሞ በየቅሬው መዝገብ ይገኛል። አምቡላንሱም በሌሊት ቢመጣ፣ ወይም ነርሷ በእግሯ ብትመጣ ገንዘብ አይጠይቅም። ለባልቴቷ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ጋዜጠኛችሁን ወደዚህ ብትልኩት መዝገቤን ከፍቼ አሳየዋለሁ። ስንት ሰው በስንት ክፍል እንደሚያድር፣ ማን ከየት ውሃ እንደሚቀዳ ያነብበዋል። ስማቸውን ግን በእጄ ሸፍኜ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቅሬ ጸሐፊና ልብስ ሰፊ
ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ