ስምህ በሦስት ባዶ ሳጥን መጣ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጠፋሁብህ። የጠፋሁትም መልእክትህን ሳልመልስ ነው። «መኪና ገዛሁ፣ ስልኬ ግን ከስክሪኑ ጋር አልገናኝ አለኝ፤ እስኪ አንተ ጠይቅልኝ» ብለኸኝ ነበር። ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። አጣርቼ እመልስለታለሁ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ከዚያ አፈርኩ፤ ሃፍረቱ ደግሞ ዝምታውን አረዘመው። ይቅር በለኝ።

ሰሞኑን እኔም ስክሪን ያለው መኪና ያዝኩ፤ አዲስ አይደለም፣ ሰው የነዳው ነው። ስልኬን በብሉቱዝ ሳገናኘው የመዘገብኳቸውን ስሞች ወሰደ። ግን በአማርኛ የጻፍኳቸው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ተደረደሩ። የመኪናው ስክሪን ፊደላችንን አያውቅም። አንዱን ስነካው ቁጥር መጣ። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ያንተ ነው። ሦስት ሳጥን ሆነህ መጣህ። ሞተሩን አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ። ከመደወሌ በፊት ግን ጥያቄህን ልመልስልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ገመዱን ቀይር። እኔ ሦስት ቀን ተንገላትቻለሁ። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፣ ስክሪኑ ግን ምንም አያሳይም። ያልነካካሁት ሴቲንግ የለም። ጥፋቱ የገመዱ ነበር። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለቱ ኃይል ይሰጣሉ፣ ሁለቱ ዳታ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ገመድ የዳታዎቹን ሁለት ሽቦዎች አይሰጥህም። ከውጭ ሲታይ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ከስልክህ ጋር የመጣውን ሞክር፤ ከሌለህ አጭርና ጥሩ የሆነ፣ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ግዛ። መኪናህ ሁለት ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ሁሉንም እያቀያየርክ ሞክራቸው፤ ከስክሪኑ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። የስልኩን ቀዳዳም እይ። ኪስ ውስጥ የሚጠራቀም ብናኝ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል። ስልኩን አጥፍተህ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለህ አውጣው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያምታታውን ነገር ልንገርህ። ብሉቱዝ ሌላ፣ የስልክህን ካርታና ሌላውን መኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጡት አንድሮይድ አውቶና ካርፕሌይ ሌላ ናቸው። በብሉቱዝ ብቻ ስትገናኝ ጥሪና ሙዚቃ ነው የምታገኘው። ካርታው ስክሪኑ ላይ አይመጣም። አንድሮይድ አውቶና አይፎን ላይ ያለው ካርፕሌይ ግን ሥራውን ሁሉ ስልኩ ላይ ይሠራሉ። ስልኩ ምስሉን ይልካል፣ መኪናው ያሳያል፣ የጣትህን ንክኪ መልሶ ይነግረዋል። ይህን ያስተዋልኩት በስምህ ነው። ጥሩውን ገመድ ስሰካ ሳጥኖቹ ጠፉና ስምህ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የሚጽፈው ስልኬ ነዋ!

አንድሮይድ አውቶም ካርፕሌይም ለሕዝብ የተዋወቁት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። መኪናህ ከዚያ በፊት የተሠራና ስክሪኑ ያልተቀየረ ከሆነ በብሉቱዝ ብቻ ተጠቀም፤ በከንቱ አትድከም። ስልክህ አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድሮይድ አውቶ አብሮት አለ። አይፎን ከያዝክ በድምፅ የምታዛት ረዳት፣ ሲሪ፣ መከፈቷን አረጋግጥ፤ እሷ ከተዘጋች ካርፕሌይ አይሠራም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገናኝ የስልኩን ቁልፍ ክፈትና የሚጠይቅህን ፈቃድ አንብበህ እሺ በል።

አንድሮይድ አውቶው ወይም ካርፕሌዩ ያለ ገመድ የሚሠራ ከሆነም ዋይፋይህን አትዝጋ። ብሉቱዙ ሁለቱን ያስተዋውቃል እንጂ ምስሉን የሚሸከመው ዋይፋዩ ነው። ስልኩን ያሞቀዋል፣ ባትሪም ይበላል። እኔ ለረጅም መንገድ ገመድ እመርጣለሁ።

ደግሞ ትናንት ይሠራ የነበረው ብሉቱዝ ዛሬ እምቢ ካለህ ከሁለቱም በኩል ሰርዘው። ከስልኩ ብቻ ሰርዘህ ከተውከው አይሆንም። ሲተዋወቁ አንድ የምስጢር ቁልፍ ይጋራሉ። አንዱ ጥሎት ሌላው አሮጌውን ከያዘ አይግባቡም። ሁለቱም ይርሱና እንደ አዲስ ይተዋወቁ። ሁለቱ ላይ ቁጥር ከወጣ አንድ መሆኑን አይተህ አጽድቅ።

በነገራችን ላይ እኔ መኪና ውስጥ የቀድሞው ባለቤት ስልክ ስም፣ የደወለላቸው ሰዎች ዝርዝር ሳይቀር ተቀምጦ አገኘሁ። የሰው ጓዳ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ወዲያው አጠፋሁት። አንተም መኪናህን የምትሸጥ ቀን ስክሪኑን ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ መልሰው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስልክህን ጭንህ ላይ አድርገህ እንደምትነዳ ስለማውቅ ነው። ጥያቄህን ሳልመልስ የቆየሁባቸውን ወራት ሳስብ የሚጨንቀኝ እሱ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሁለት ሰከንድ 33 ሜትር ትሄዳለህ። እኔ አንድ ቀን መልእክት ለማየት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል፣ ፊቴ ያለው መኪና ቆሟል። በፍሬን ለጥቂት ተረፍኩ። እጄ እስኪረጋጋ ብዙ ቆሜያለሁ። ስክሪኑም ቢሆን ዓይን ይሰርቃል። አድራሻውን ሳትነሳ ሙላው፤ የማገናኘቱንም ሥራ ቆመህ ሥራው።

እሁድ ከሰዓት እደውልልሃለሁ። እየነዳህ ከሆነ ስሜ፣ ወይም ሳጥኖቹ፣ ስክሪኑ ላይ ይመጣሉ። ዳር ይዘህ አንሳው። የማወራህ ብዙ ነው።

ያንተው