የቲፕ ሠራተኞች ደመወዝና የዲሲ ምክር ቤት ድምፅ

ውድ የእድራችን አባላት፣

ብዙዎቻችሁ «የመረጥነው ሕግ የት ገባ?» ብላችሁኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋሽንግተን ዲሲ መራጮች አስተናጋጆች ከቲፕ ሌላ ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲያገኙ ወሰኑ። በ2018ም ወስነው ነበር፤ ምክር ቤቱ ሻረው። በጁላይ 2025 ደግሞ የ2022ቱን ሕግ 7 ለ5 በሆነ ድምፅ ለወጠው። ክፍያው ቀስ እያለ አድጎ በ2034 የዝቅተኛው ደመወዝ 75 በመቶ ላይ ይቆማል። ሬስቶራንት ያላችሁ እፎይ ብላችኋል፤ ትሪ የምትሸከሙት ተናዳችኋል። (እዚሁ እድር ውስጥ ሁለቱም አሉ፣ እባካችሁ ተከባበሩ።) እኔ በበኩሌ ሕዝብ ሁለቴ የወሰነውን መንካታቸው አልተዋጠልኝም።

ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በስም ተመዝግቧል። የዋርዳችሁን (የምርጫ ክልላችሁን) ተወካይ ምክንያቱን ጠይቁ። አራቱ የመላው ከተማ ተወካዮችና ሊቀመንበሩም የሁላችን ስለሆኑ እነሱንም አትለፏቸው።

የእድሩ ጸሐፊ