ሐረጉን አታስነቅል

ሐዋሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለታሪኩ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ያቺ የዓይኔ ማረፊያ ልጃችሁስ መዳህ ጀመረች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእግሬ ቁስል እየጠገገ ነው፤ ሐኪሞቹ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሥ ብለውኛል። እህትህ እንደ ሕፃን ትንከባከበኛለች፤ ትቆጣኛለችም።

ደብዳቤ የምጽፍልህ ደውዬ መናገር አቅቶኝ አይደለም። ስልክ ላይ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትለኝና የልብህን ታደርጋለህ። ማታ ሥራ ስትጨርስ ቁጭ ብለህ አንብበው። ሁለቴ አንብበው።

አክስትህ እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ከምንጩ ሥር ያለችውን እርጥብ ቦታ ለሽንኩርት ነጋዴ ለሦስት ዓመት ልታከራይ መስማማትህን ሳታስበው አመለጣት። ሰውየው ፓምፕ ሊያመጣ ነው አለች፤ ከዚያ በፊት ግን መሬቱ ጸድቶ ይቆየኝ ብሏል። መሬቱ ይጽዳ ማለት እኮ የስኳር ድንቹ ሐረግ ይነቀል ማለት ነው። ልጄ፣ ሐረጉን አታስነቅል።

ገንዘቡን ለምን እንደፈለግኸው አልጠፋኝም። ለእኔ መታከሚያ ነው። ይህን ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲህ የሚያስብልኝ ልጅ ስለሰጠኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ቢሆንም አይሆንም። ለመድኃኒቱ ጡረታዬ ይበቃል። ካልበቃም ጥቁሩን ወይፈን ሽጠው፤ ወይፈን ይተካል።

ጤፍ ወይም ስንዴ ቢሆን ዘሩን ጎተራ ትከተዋለህ፤ ዓመት ቢከርምም ይጠብቅሃል። የስኳር ድንች ዘሩ ግን ለምለሙ ሐረግ ነው። በጋው ሲከር የላይኛው ማሳ ሐረግ ይደርቃል፣ የተረፈውን ከብት ይግጠዋል። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲገባ የሚተክለው፣ እርጥብ ቦታ ላይ ጥቂት መደብ ያቆየ ሰው ብቻ ነው። በቀበሌያችን እንደዚያ ያለ ቦታ ስንት አለ? የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። የእኛዋን ያቆየችልን አያትህ ናት።

እኔ በ1972 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ተመድቤ ወላይታ፣ ቦዲቲ ስመጣ ስኳር ድንች አላውቅም ነበር። ጎጃም ተወልጄ በጤፍ ያደግሁ ሰው ነኝ። አያትህ ቤት መጀመሪያ የገባሁ ቀን ድስቱን በእንሰት ቅጠል ከድና ስትቀቅል ደረስኩ። ቅጠሉን ስትገልጠው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። አንዱን አወጣች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ልጣጩን ከጫፉ ያዝ አድርጋ ሳበችው፤ እስከ ታች ተገፎ ወረደ። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር ነበር። ዳጣ በትንሽ ጣባ አቀረበችልኝ፣ ቡናውን አስከተለች። እናትህ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ስበላ ታየኝ ነበር። ያን ቀን እዚህ አገር እንደምቀር አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተማርኩት! ድንችና ስኳር ድንች በስም እንጂ በዘር አይገናኙም። ድንች ያበጠ ግንድ ነው፤ ዘመዶቹ ቲማቲምና በርበሬ ናቸው። ስኳር ድንች ያበጠ ሥር ነው፤ ዘመዱ አጥር ላይ የሚጠመጠመው፣ ጠዋት ፈክቶ ቀትር ላይ የሚጠወልገው የመለከት ቅርጽ ያለው አበባ ነው። የእኛው ሐረግ ሲያብብ ልብ ብለህ እየው፣ አበባው ያው ነው። ዘረመሉ ስለተነካ እህል የተከራከርንበት ማታ ትዝ ይልሃል? በ2015 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 291 የስኳር ድንች ናሙና መርምረው በሁሉም ውስጥ አግሮባክቴሪየም ከሚባለው የአፈር ባክቴሪያ የገባ ዘረመል አገኙ። ማንም ላቦራቶሪ ያላስገባው፣ ተፈጥሮ ራሷ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ያዳቀለችው ነው። ያን ማታ ይህን ብነግርህ ኖሮ ክርክሩ ቶሎ ያልቅ ነበር።

አሁን ልነግርህ ወደማልወደው ነገር ልምጣ። እናትህ ታውቀው ነበር፤ አንተ ግን ያኔ ስድስት ዓመትህ ነው፣ ላታስታውሰው ትችላለህ።

በ1991 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ልክ እንዳሁኑ፣ ያችን ቦታ እኔ ራሴ አስነቅያታለሁ። ቤታችንን ቆርቆሮ ላለብስ ፈለግሁ። ጓደኛዬ ሽንኩርት ያዋጣል አለኝ። አያትህ «ግማሹን እንኳ ተውልኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔ የደሞዝ ሰው ነበርኩ፤ ሐረግ ምን ይገዳል፣ ከየትም ይመጣል አልኳት። ሽንኩርቱ አማረ፣ ተሸጠ። ዛሬ ከልጅህ ጋር የምትተኛበት ቆርቆሮ የዚያ ሽንኩርት ነው።

በልጉ ከዳ። የላይኛው ማሳ ሁሉ ነደደ። ዘግይቶ ዝናብ ጠብ ሲል ሰው ሁሉ ሐረግ ፍለጋ ወጣ። የማርታ እናት እንደ ልማዷ በማለዳ መጣች። በየዓመቱ ከእኛ ነበር የምትወስደው። የቃጫ ገመዷን እንደያዘች፣ ለማሰሪያ አዘጋጅታው፣ ከምንጩ በላይ ቆማ ሽንኩርት የተነቀለበትን ባዶ መሬት አየች። ምንም አላለችም። ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ እንደምን አደራችሁ ብላን ሄደች።

አያትህ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ሁለት እስር ይዛ ተመለሰች። አንዱን ለማርታ እናት ሰጠች። መንገድ ላይ ግማሹ ጠውልጎ ነበር።

በተከታዩ ዓመት ወላይታ ምን እንደሆነ አንተም ሰምተሃል፤ የ1992ቱን ረሃብ ያላየ ቤት የለም። ማርታ ከእህትህ ጋር እኩያ ነበረች። ሲመሽ እኛ ቤት ስትጫወት ቆይታ ልትወጣ ስትል በሩን በእጇ እየዳሰሰች ትፈልገዋለች። መቃኑን ስታገኘው ያዝ ታደርገውና ትቆማለች። ዳፍንት ነው። እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ፣ ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጦት መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ አስተምሬያለሁ፤ ያችን ልጅ ግን ወደ ክሊኒክ አልወሰድኳትም። ነገ ዛሬ ስል ኩፍኝ ቀደመኝ። ኩፍኝ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ያጣ ገላ ካገኘ አይምርም።

በሐረጉ የተነሳ ነው ብሎ የወቀሰኝ ሰው የለም። ነጩ ስኳር ድንች ለዳፍንት እንደማይረዳም አውቃለሁ። ግን የጠገበች ልጅ ኩፍኝን ትችለው ነበር ወይ ብዬ እስከዛሬ እጠይቃለሁ። ለእናትህ እንጂ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስለዚህ ሐረጉን አታስነቅል ስልህ የሽማግሌ ግትርነት አይምሰልህ።

ከዚያ ወዲህ ብርቱካናማው ስኳር ድንች መጣ። እነ ኩልፎና ቱላ የሚባሉት። መጀመሪያ ሰው ናቀው፤ ውሃ ይበዛዋል፣ እንደ ነጩ፣ እንደ ሐዋሳ-83 አይፈረፈርም ተባለ። እውነትም ውሃ ይበዛዋል። ውስጡ ያለው ቀለም ግን ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። አፍሪካ ውስጥ ለዚህ ድንች የደከሙ ሦስት ሰዎች፣ የኬፕ ቨርዴዋ ማሪያ አንድራዴ፣ የኡጋንዳው ሮበርት ሙዋንጋና አሜሪካዊቷ ጃን ሎው፣ ከአሜሪካዊው ተመራማሪ ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ዜናውን ስሰማ ማርታ መቃኑን ይዛ እንደቆመች ታየችኝ። ያንን ሁለተኛውን መደብ ብርቱካናማ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ለዘመናይነት አይደለም።

ልጅህ ስድስት ወር ሞልቷታልና ብርቱካናማውን ቀቅለህ አድቅቅላት፤ ቅቤ ጠብ አድርግበት። ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቤታ ካሮቲን ያለ ስብ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ቅቤ ከሌለ ዘይት ይሁን። የጤና ባለሙያዎቹ በየስድስት ወሩ የሚሰጡትን የቫይታሚን ኤ እንክብልም እንዳታሳልፍ፤ ድንቹ አለ ብለህ አትዘናጋ። ለሚስትህም አብላት፣ ታጠባለች።

እህትህ የላክህልንን ፍሪጅ ውስጥ ከትታው መሐሉ እንደ እንጨት ደረቀ። ከ12 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ አይወድም፤ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ይበቃዋል። «ስኳር አለብህና ስኳር ድንች አትንካ» ብላ ከልክላኝም ነበር። የምግብ ባለሙያዋ ግን በልክ ይብላ፣ የተጠበሰውን ይተውና የተቀቀለውን ይብላ፣ የተቀቀለው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው አለቻት። አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ ትንሽ ትሰጠኛለች።

ለክፍል የምነግራቸው አንድ ታሪክ ነበር። በ1590ዎቹ እ.ኤ.አ. ቼን ዠንሎንግ የሚባል ቻይናዊ ነጋዴ ፊሊፒንስ፣ ሉዞን ደሴት ላይ ስኳር ድንች አየ። ስፔኖች ከአገር እንዳይወጣ ከልክለው ነበር ይባላል። ሰውየው ሐረጉን ከመርከብ ገመድ ጋር ገምዶ ደብቆ አገሩ ቻይና፣ ፉጂያን አደረሰው ይላሉ። በ1594 ፉጂያን ስትራብ ገዢው እንዲተከል አዘዘ። ዛሬ በዓለም ላይ ከማንም ይልቅ ስኳር ድንች የምታመርተው ቻይና ናት። ልጆቹ ገመዱ ጋ ስንደርስ ያጨበጭቡ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. በኋላ ግን ያንን ታሪክ አስተምሬው አላውቅም፤ ገመድ የሚለው ቃል አፌ ላይ ይቀርብኛል።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። የነጋዴውን ቀብድ ተቀብለህ ከሆነ ነገውኑ በምስክር ፊት መልስ። ቂም አትያዘው፣ የላይኛውን ማሳ ከክረምት በኋላ ለመከራየት ከፈለገ ይነጋገር።

መደቡን በሦስት በሦስት ቀን አጠጣ። ቅጠሉ የተጨማደደውን፣ የቀጨጨውንና ቢጫ የሆነውን ሐረግ ነቅለህ አርቀህ ቅበረው፤ በሽታው በነጭ ዝንብና በክሽክሽ ይዛመታል። መጋቢት ላይ ስትቆርጥ ከጫፉ ቁረጥ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከሥሩ አትቁረጥ፤ ነቀዙ እንቁላሉን የሚጥለው አሮጌው ግንድ ላይ ነው። ከርዝመቱ ከግማሽ የሚበልጠውን አፈር ውስጥ ቅበረው፣ ቢያንስ ሦስት አንጓ ይግባ። መሬቱ ሲሰነጠቅ አፈር አልብሰው፤ ነቀዙ መቆፈር አይችልም፣ ወደ ሥሩ የሚወርደው በስንጥቁ ነው። የሻገተውንና የበሰበሰውን ለላሟ እንዳትሰጣት፤ ሳንባዋን ይይዛትና ትሞታለች። ቅበረው።

ምናልባት ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ነቅለኸው ከሆነም አትደበቀኝ፤ ንገረኝ። የተቆፈሩት ሥሮች አሉ አይደል? ያልተወጉትን፣ ያልተነቀዙትን መካከለኛ መካከለኛውን ምረጥ። በገንዳ ወይም በጉድጓድ ደረቅ አሸዋ አንጥፈህ ሳይነካኩ ደርድራቸው፣ እንደገና አሸዋ አልብሳቸው፣ ጥላ ቦታ ይቀመጡ። ያቆጠቁጣሉ። ዝናቡ ሊገባ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሲቀረው መደብ ላይ ቅበራቸውና አጠጣ፤ ሐረግ ይሰጡሃል። እኔ በ1991 ይህን አላወቅሁም ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። የማርታ እናት ከዚያ ዓመት ወዲህ ደጃችን መጥታ ሐረግ ጠይቃ አታውቅም። አያትህ በሕይወት ሳለች ራሷ ትወስድላት ነበር፤ ከእሷ በኋላ በየዓመቱ እኔ ነኝ የማደርስላት። ዘንድሮ እኔ ካልደረስኩ አንተ ትሄዳለህ። ለሌላ ሰው ከመቁረጥህ በፊት፣ በማለዳ፣ ሁለት እስር፤ አንዱ ከነጩ፣ አንዱ ከብርቱካናማው። በእርጥብ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው። ማሰሪያውንም ከቤት ይዘህ ሂድ፣ እሷን ገመድ እንዳትጠይቃት።

አባትህ