ዘንድሮ ኬጂ ለሚገቡ ልጆች ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ይህ ደብዳቤ ማልታ ውስጥ ልጃቸው ሦስት ዓመት ለሞላቸው ወይም ሊሞላቸው ለተቃረበ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ወላጆች ነው። ሰሞኑን በር ላይ የምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። “ኬጂ አሁን ላስገባው ወይስ ቤት ይቆይ?” እና “ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብናወራው አይሻልም ወይ?” ለሁሉም በየተራ ከመመለስ መጻፉ ይቀላል ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። አስገቡት። እዚህ አገር ትምህርት ግዴታ የሚሆነው ልጁ አምስት ዓመት በሚሞላበት ዓመት፣ አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው። ኬጂ ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ የማልታ ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል በሦስት ዓመታቸው ይገባሉ። የእናንተ ልጅ አምስት ዓመት ሲሞላው ቢሄድ፣ ሌሎቹ ሁለት ዓመት አብረው ተጫውተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ነው የሚያገኛቸው። እሱ ገና የሽንት ቤቱን በር ይፈልጋል። የመንግሥት ኬጂ ነፃ ነው፤ ያለውም እዚያው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶችም የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ መግቢያው ግን በዕጣ ነው። ዕጣው ይወጣልኛል ብሎ የመንግሥቱን ምዝገባ ማሳለፍ የዋህነት ነው።

አንዳንዶቻችሁ “ሲጫወት ውሎ ይመጣል፣ ምንም አያስተምሩትም” ትላላችሁ። አዲስ አበባ ከለመድነው ደብተርና የቤት ሥራ ጋር ሲተያይ እውነትም ግራ ያጋባል። የአገሪቱ የ2012 (እ.ኤ.አ.) ሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ግን ከልደት እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ዕድሜ እንደ አንድ እርከን ነው የሚያየው። በዚህ እርከን ጨዋታው ራሱ ትምህርት ነው። ልጁ ለመክሰስ ስድስት ኩባያ ደርድሮ አንድ ሲጎድልበት “ሌላ አምጪ” ካለ፣ ሒሳብ ሠርቷል። ደብተር ላይ ስላልሰፈረ አልተማረም አትበሉ። እኔ በበኩሌ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ የቤት ሥራ የሚቆልል ትምህርት ቤት ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

አሁን ወደ ቋንቋው። ማልትኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም የማልታ ይፋዊ ቋንቋዎች ናቸው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ 519,562 ነዋሪ ነበራት፤ ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆነው የውጭ ዜጋ ነው። ስለዚህ የኬጂ መምህራን ማልትኛም እንግሊዝኛም የማይችል ልጅ ሲመጣባቸው አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ልጃችሁ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝም ሊል ይችላል። አትደንግጡ፣ እየሰማ ነው። ግን ቤትም ውስጥ በአማርኛ ዝም ካለ፣ ስትጠሩት ካልዞረ ለሐኪም አሳዩት።

ባለፈው አንዲት እናት ልጇን “ካም፣ ኢት፣ ኖ” ስትለው ሰማሁ። ጎበዝ እናት ናት፣ ለልጇ ብላ ነው። ግን ልጁ ከእናቱ የሚያገኘው እነዚያን ሦስት ቃላት ብቻ ሊሆን ነው። በአማርኛ ብታወራው ግን ተረት ትነግረዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ትቀልድበታለች፣ “ለምን?” ሲላት እስኪሰለቻት ትመልስለታለች። ልጅ ማሰብ የሚማረው እንደዚህ ባለ ወሬ ነው። እንግሊዝኛውንና ማልትኛውን ለኬጂው ተዉለት፤ እነሱ ከእኛ የተሻለ ይችሉበታል።

አንድ ነገር ግን አድርጉ። “ውሃ”፣ “ሽንቴ መጣ”፣ “አመመኝ”፣ “እማዬ የት ነች?” የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ከነትርጉማቸው ለመምህሯ ስጡ። አምና እንዲህ ያደረገ አንድ አባት ነበር፤ መምህሯ ወረቀቱን ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ለጥፋው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር። ልጁ ሱሪውን አላረጠበም ማለት ነው፤ ይህ በሦስት ዓመት ዕድሜ ትልቅ ክብር ነው።

ምሳ የምትቋጥሩት እናንተ ናችሁ። ፍርፍር ችግር የለውም፤ ጣፋጭና ለስላሳ ግን አይፈቀድም። ቆሎም ይቅር፣ ትንሽ ልጅ ያንቃል። የክትባት ካርዱን አትርሱ፤ አዲስ አበባ የተከተበ ከሆነ ያንኑ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ።

ሆቴል በጠዋት ለምትገቡ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከክፍል በፊት ልጅ የሚቀበል ‘ብሬክፋስት ክለብ’ አለ። ከሰዓት ደግሞ ‘ክላብ 3-16’ በትንሽ ክፍያ ያቆይላችኋል። ሁለቱም አስቀድሞ ምዝገባ ይፈልጋሉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ከሚያዝያ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚሠሩና ለሚማሩ ወላጆች የሕፃናት ማቆያ ነፃ ነው። ሥራችሁ ግን በሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት። ያለ ውል የምትሠሩ ይህ ዕድል ያመልጣችኋል፤ አሠሪያችሁን የምትጠይቁበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሁናችሁ።

ፎርም መሙላት የሚቸግራችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ቆዩ፣ አብረን እንሞላለን። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርዱንና የራሳችሁን የመኖሪያ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት