ሰብልዬ፣ ያን ቀን የሳቅሽው ሳቅ

ውድ ሰብልዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እማማ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ድሮ ደብዳቤ ስንጻጻፍ «እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ» ብሎ መጀመር ደንብ ነበር። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለዚሁ ስለ ጤናዬ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አኩርፌሽ ነበር። በ2017 መጀመሪያ (በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ፣ ለምዶብኝ) በስልክ «ኢንሹራንሴን ሊነጥቁኝ ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ» ስልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። «አሜሪካ ቁጭ ብለሽ ሐኪም አጣሁ ልትይ? እኛስ ምን እንበል?» አልሽኝ። አልተሳሳትሽም። ግን ከነከነኝ። ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። በኋላ ደግሞ ኩርፊያው ለቆኝ እፍረቱ ያዘኝ።

ስኳር እንዳለብኝ ነግሬሽ አላውቅም። በ2011 ነው የተገኘብኝ። ያን ጊዜ ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው፣ የሚከፈለኝም በሰዓት። አሠሪዎቼ ኢንሹራንስ አይሰጡም። ራሴ ልግዛ ብዬ አንድ ኩባንያ ጋ ደወልኩ። ልጅቷ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት ስትጠይቀኝ ቆየች። ስኳር ስላት ድምጿ ተለወጠ። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ፤ አንቀበልሽም ይላል። ሕግ አልጣሱም፣ ያኔ ይፈቀድላቸው ነበር። ኢንሹራንስ ለመግዛት ጤነኛ መሆን ነበረብሽ ማለት ነው።

ፕሬዚዳንት ኦባማ በማርች 2010 የፈረሙት የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የሚሉት፣ ይህን ከለከለ። ከ2014 ጀምሮ ኩባንያዎቹ «ታማሚ ነሽ» ብለው መመለስ አልቻሉም። እንደ ገቢዬ መጠን መንግሥትም ከወርሃዊ ክፍያዬ ይደጉመኝ ጀመር። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ሳምኩት። አሁንም አትሳቂ።

እንግዲህ ትራምፕ ሲመረጡ ሊሰርዙት የተነሡት ይህንን ነው። ሪፐብሊካኖች ለሰባት ዓመት «እንሽረዋለን» ሲሉ ኖረዋል፤ ሕዝቡም ሕጉን ብዙ አይወደውም ነበር። የሚሻር መሆኑ እውነት ሲመስል ግን ነገሩ ተገለበጠ። በየክፍለ ግዛቱ የምክር ቤት አባላት ሕዝብ ሲሰበስቡ አዳራሹ ሞልቶ ይፈስ ጀመር። ዩታ ውስጥ ጄሰን ቻፌትዝ የሚባሉትን ሕዝቡ «ሥራህን ሥራ! ሥራህን ሥራ!» እያለ መናገሪያ ሲያሳጣቸው በቴሌቪዥን አየሁ። ዩታ እኮ የሪፐብሊካን አገር ነው!

ያን ጊዜ አንዲት ባልቴት ነበር የምጠብቀው። ዊልቸር ላይ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሪፐብሊካን። «ኦባማኬር ይጥፋልን» ይሉ ነበር። ገንዘባቸው ካለቀ ወዲህ የእኔን ሰዓት የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነበር፣ የድሆች የመንግሥት ኢንሹራንስ። እኔም ትንፍሽ አላልኩም፤ እንጀራዬ ነዋ። በዚያ ሰሞን በተሠራ አንድ ጥናት ከሦስት አሜሪካውያን አንዱ ኦባማኬር የሚባለውና በይፋ ስሙ «አፎርደብል ኬር አክት» የሚባለው ሕግ አንድ መሆናቸውን አያውቅም ነበር። የኔዋም ከነሱ አንዷ ነበሩ።

ሜይ 4 የተወካዮች ምክር ቤት ሽረቱን 217 ለ213 አሳለፈው። ከዚያ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ሲደሰቱ አሳዩን። የኮንግረሱ በጀት መሥሪያ ቤት ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ተጨማሪ 23 ሚሊዮን ሰው ያለ ኢንሹራንስ ይቀራል አለ። ቁጥር ለኔ ብዙም አይገባኝም። የገባኝ ጁን 22 ነው።

ያን ቀን አካል ጉዳተኞች ዊልቸራቸውን እየገፉ የሴኔቱ፣ የላይኛው ምክር ቤት፣ መሪ የማኮኔል ቢሮ በር ላይ ሄደው ተኙ። የሴኔቱ ረቂቅ ሜዲኬይድን በመቶ ቢሊዮኖች ዶላር ይቀንሳል፤ እነሱ ደግሞ ቤታቸው የሚኖሩት በዚያ ገንዘብ ነው። ፖሊስ 43 ሰው አሰረ። አንዳንዶቹን በእጅና በእግር ተሸክሞ ነው ያወጣቸው። ይህን በቴሌቪዥን ሲያሳዩ እኔ ባልቴቷን ምሳ እያበላሁ ነበር። ማንኪያውን በእጃቸው መለሱትና «እኔን ነው እንዴ የሚሸከሙት?» አሉ። ምን ልበል? «አዎ፣ እርስዎን ነው» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! «ስልክ ደውይልኝ» ሆነ። እኛ የምንኖርባት የቨርጂኒያ ሁለቱ ሴናተሮች ዲሞክራቶች ነበሩ፣ ሽረቱን ይቃወማሉ። ስልኩን ያነሣው ልጅ «እኛ እኮ ከእርስዎ ጋር ነን» ይላቸዋል። አልበቃቸውም። ሜይን የምትባለው ግዛት ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ ጋ አስደወሉኝ። «የሜይን ነዋሪ ነዎት?» ሲባሉ «አይደለሁም፣ ግን አሮጊት ነኝ» አሉ። ሳቄን መቻል አቃተኝ።

ጁላይ 28፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አብረን አየን። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ማኬይን አንጎላቸው ውስጥ ካንሰር መገኘቱ ከተነገረ አሥር ቀን አልሞላም። ወደ መሐል ገቡ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ደፉ። ሽረቱ 49 ለ51 ወደቀ። ሰው ሁሉ ማኬይንን ያነሣል። እኔ የማልረሳው ሁለቱን ሪፐብሊካን ሴቶች ነው፤ ኮሊንስንና የአላስካዋን ሙርካውስኪ። ማኬይን ከሦስት ቀን በፊት ክርክሩ እንዲከፈት ድምፅ ሰጥተው ነበር። እነሱ ግን ያኔም እምቢ ብለዋል። ኮሊንስ አገራቸው ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተሳፋሪው አጨበጨበላቸው።

አሁን የኛን የቨርጂኒያን ጉድ ስሚ። የአክስቴ ልጅ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ቢኖር በዚያው ገቢው ሜዲኬይድ ያገኝ ነበር። ቨርጂኒያ ግን ልጅ የሌለውን ጎልማሳ ድሃ አታስገባም ነበር። በ2017 ኖቬምበር የግዛቷ ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ መራጩ ከሁሉ በላይ ያነሣው ጤናን ነው። አንድ ወንበር እኩል ድምፅ ወጣበት። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስሞቹን ጠቅልለው ሳህን ውስጥ ከተቱና ዕጣ አወጡ! ልክ እንደኛ እቁብ። ዕጣው ለሪፐብሊካኑ ወጣ፣ ምክር ቤቱም 51 ለ49 በእጃቸው ቀረ። የሕዝቡን ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ከነሱም ብዙዎች ከዲሞክራቶቹ ጋር ድምፅ ሰጡና በሚቀጥለው ጁን ሜዲኬይድን ለነዚህ ድሆች የሚከፍተው ሕግ ተፈረመ። የአክስቴ ልጅ በ2019 ካርዱን ያዘ። በመጀመሪያው ምርመራ ደም ግፊት ተገኘበት።

ባልቴቷ በዚያው ዓመት አረፉ። ሪፐብሊካን እንደሆኑ ነው የሞቱት፤ ተለወጡ ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ።

አሁን ለምን ጻፍኩ መሰለሽ? ባለፈው የኢንሹራንስ ሂሳብ መጣልኝና እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። በ2021 የተጨመረው ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃ። በሱ ጭቅጭቅ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ በከፊል 43 ቀን ተዘጋ፤ ድጎማው ግን አልተመለሰም። ሕጉ አልተሻረም፣ እኔ ግን ክፍያውን መቻሌን እንጃ። ወረቀቱን ይዤ ቁጭ ስል ያ ሳቅሽ ትዝ አለኝ፣ ደግሞም ናፈቀኝ።

አንቺስ የማኅበረሰብ ጤና መድን ገብተሻል? የዘንድሮውን መዋጮ ከፍለሻል? የእማማን ጉልበት ሐኪም አይቶታል? ጻፊልኝ ወይ ደውይ፤ ቁጥሬ ያው ነው። ባንቺ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ምሳ ላይ ነኝ፣ አነሣለሁ።

ያንቺው ሙሉ