የሚናፈቀው በርገር ጣዕሙ ያለው መጥበሻው ላይ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ዋሽንግተን አካባቢ ረጅም ጊዜ የኖረ ሐበሻ ስለ ድሮ በርገር ወሬ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ሮይ ሮጀርስን ነው። ሲያትል ያለው ዲክስን፣ ዳላስ ያለው ዋታበርገርን፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ኢን-ኤን-አውትን፣ አትላንታ ያለው ክሪስታልን ያነሳል። እነዚህ በአንድ አካባቢ ተወልደው እዚያው ያደጉ ቤቶች ናቸው። ሰው ስለ እነሱ ሲያወራ «እንደ ድሮው አይደለም» ይላል፤ ሰሚውም የወጣትነት ናፍቆት ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የበርገር ጣዕም በእርግጥ ይለወጣል፤ የሚለወጥበትም ምክንያት በግራምና በዲግሪ ሊነገር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በርገር ቤት የሚከፍቱ ወገኖችም ከእነዚህ ቤቶች ስምና ቀለም ይልቅ አሠራራቸውን ቢቀዱ ይጠቀማሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮይ ሮጀርስ ልጀምር። በ1968 ያቋቋመው ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ከታወቀው የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነው። ማሪዮት በ1982 ጂኖስን ገዛ። ጂኖስ በ1957 ባልቲሞር አጠገብ የተጀመረ የበርገር ሰንሰለት (ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ቤት) ነበር፤ ብዙዎቹ ቤቶቹም ሮይ ሮጀርስ ሆኑ። የእኛ ሰው በብዛት ወደ ዋሽንግተን መግባት የጀመረውም በዚያው ዘመን ስለነበር በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በየመንገዱ የሚያገኘው ይህን ቤት ነበር። በ1990 ሃርዲስ የተባለ ሌላ የበርገር ሰንሰለት ሮይ ሮጀርስን ገዝቶ ምልክቱን አወረደና የራሱን ስምና የራሱን ምግብ አስገባ። ደንበኛው ሸሸ። ብዙ ሳይቆይ ኩባንያው ቤቶቹን ወደ ድሮ ስማቸው ለመመለስ ተገደደ፤ ነገሩ ግን ረፍዶ ነበርና ብዙዎቹ ተቆራርጠው ለሌሎች ሰንሰለቶች ተሸጡ። ዛሬ ስሙን የያዘው ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ የሚገኝ፣ ከጥንትም የሮይ ሮጀርስ ቤቶችን ያስተዳድር የነበረ ቤተሰብ ነው፤ በ2002 ገዛው።

ሃርዲስ ያልገባው ነገር ምን ነበር? ሮይ ሮጀርስ በርገሩን ባዶውን ነው የሚሰጠው፤ ሥጋና ዳቦ ብቻ። ሰላጣውን፣ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ፒክልሱን (በኮምጣጤ የተዘፈዘፈውን ኪያር) ደንበኛው «ፊክሲንስ ባር» ከሚባለው ጠረጴዛ ራሱ ያነሳል። ይህ ለደንበኛው ነፃነት ብቻ የተደረገ አይደለም። ቲማቲምና ሰላጣ ውሃ ናቸው፤ ተደርበው በወረቀት ተጠቅልለው አሥር ደቂቃ ሲቆዩ ዳቦውን ያረጥቡታል፣ ሰላጣውም በሥጋው ሙቀት ይጠወልጋል። ሊበላ ሲል የተደረበ በርገር ግን ዳቦው እንደ ደረቀ፣ ሰላጣውም እንደ ተንኮሻኮሸ ይበላል። የአዲስ አበባ በርገር ቤቶች ምግብ በሞተር ሲልኩ አትክልቱን ለብቻው በትንሽ ዕቃ ቢልኩት ከሚሰሙት ቅሬታ ግማሹ ይቀራል። በነገራችን ላይ፣ የሮይ ሮጀርስ ስመ ጥሩ በርገር «ደብል አር ባር» ላዩ ላይ ሃም አለበት። ሃም የአሳማ ሥጋ ነው፤ የማይበላ ሰው ሲያዝዝ «ያለ ሃም» ማለት አለበት።

እነዚህ ቤቶች ከአካባቢያቸው ያልወጡት ማደግ አቅቷቸው ነው የሚል አለ። ኢን-ኤን-አውትን ብንመለከት ይህ አባባል አይሠራም። በ1948 ባልድዊን ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ ከተከፈተ ጀምሮ ስሙን ለሌላ ነጋዴ አከራይቶ አያውቅም። ቤቶቹ ፍሪዘር የላቸውም። ሥጋው የሚዘጋጀው በራሱ ማዕከል ነው፤ ቅርንጫፎቹም መኪና ከማዕከሉ ተነስቶ በአንድ ቀን ሊደርስባቸው ከሚችለው ርቀት አያልፉም። በ2011 ቴክሳስ ሲገባ ማዕከሉንም ዳላስ ላይ ሠርቶ ነው። በረዶ ያልሆነ ሥጋና ያልታሸገ ድንች እፈልጋለሁ ያለ ቤት እድገቱን በመንገዱ ርዝመት መወሰን ግድ ይሆንበታል። የሲያትሉ ዲክስም ከ1954 ጀምሮ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ብዙ አልራቀም።

አሁን ወደ አሠራሩ። እንዳይጠፋ ከምሰጋለት አንዱ ዋይት ካስል የተባለው የበርገር ሰንሰለት አሠራር ነው። በ1921 ዊቺታ፣ ካንሳስ ሲጀመር አንዱን በርገር በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ፓቲው (ተጠፍጥፎ የሚጠበሰው ሥጋ) አራት ማዕዘን ሆኖ ጎኑ ከ6 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ450 ግራም ሥጋ 18 ይወጣል። ከ1954 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፓቲ ላይ አምስት ቀዳዳ አለ። ምጣዱን የሚነካው ሽንኩርቱ ነው፤ ሥጋው በሽንኩርቱ ላይ ይተኛል፣ ዳቦውም በሥጋው ላይ። ከሽንኩርቱ የሚነሳው እንፋሎት በቀዳዳዎቹ እያለፈ ሥጋውን ያበስላል፣ ዳቦውንም ያለሰልሳል። ስለዚህ ሥጋው አይገለበጥም።

ቤት ውስጥ ለመሥራት 450 ግራም የተፈጨ ሥጋ በትሪ ላይ በላስቲክ መካከል አድርጋችሁ 20 በ39 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በመዳመጫ ዳምጡት። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍሪዘር ውስጥ 30 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ይጠነክራል፤ ያኔ በወርዱ 3፣ በርዝመቱ 6 አድርጋችሁ ቁረጡት፣ በመጠጥ መምጠጫ (ስትሮ) አምስት አምስት ቦታ ብሱት። ደረቅ የተከተፈ ሽንኩርት ግማሽ ኩባያ ወስዳችሁ አንድ ኩባያ ተኩል ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። 30 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ ዘጠኝ ፓቲ ይይዛል። መካከለኛ እሳት ላይ ግማሹን ሽንኩርት ከነውሃው አፍስሱ፤ ሲፈላ ፓቲዎቹን ደርድሩ፣ ጨው ነስንሱ፣ የታችኛውንና የላይኛውን ዳቦ ደራርባችሁ ከላይ አስቀምጡ፣ ክደኑ። ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ጨምሩበት፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና እንፋሎቱም ያን ያህል አይሞቅም፤ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። የሚበላሸው ውሃው ሲያልቅ ነው። ሽንኩርቱ ያርና የቃጠሎው ሽታ በቀጥታ ወደ ዳቦው ይወጣል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፤ መንጫጫቱ ሲቀንስ ሁለት ማንኪያ በጠርዝ በኩል ጨምሩ። ሲወጣ አንድ ቁራጭ ፒክልስ ብቻ ጣል ይደረግበታል። በ1932 ቻታኑጋ፣ ቴነሲ የተጀመረው ክሪስታል ሰናፍጭ ይጨምርበታል። የአሜሪካ የደቡብና የሰሜን ሰው የሚከራከረውም በዚህች ሰናፍጭ ነው።

ሁለተኛው አሠራር ተቃራኒው ነው። ስቴክ ኤን ሼክ በ1934 ኖርማል፣ ኢሊኖይ ሲከፈት ይዞት የመጣው በጋለ ብረት ላይ ተጨፍልቆ የሚጠበስ ቀጭን ፓቲ ነው። አሁን «ስማሽ በርገር» እየተባለ አዲስ መስሎ በየቦታው የሚሸጠው ይኸው ነው። 60 ግራም ሥጋ ሳትጠፈጥፉት እንዲሁ ሰብስቡት። ከባድ የብረት መጥበሻ ያለ ዘይት ጭስ እስኪጀምረው አግሉ። ሥጋውን ጣሉና በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ በወፍራም መገልበጫ ጨፍልቁት፤ ያኔ ስቡ ገና አልቀለጠም፣ ስለዚህ አይፈስም። ከዚያ በኋላ የሚጫን ሰው የሚያወጣው የቀለጠውን ስብና ጭማቂ ነው፤ ብዙ ቤት ሥጋው የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጠርዙ ቡናማ ዳንቴል መስሎ ሲታይ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ በስለታም ጠርዝ ከሥር ፋቁትና ገልብጡት፤ ሌላኛው ወገን ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል። ከመገልበጣችሁ በፊት ባልበሰለው ወገን አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ብትቀቡት ኢን-ኤን-አውት «አኒማል ስታይል» የሚለው አጠባበስ ይሆናል። ይህን በኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ላይ አትሞክሩት። የማያጣብቅ ሽፋን ካለው ብረቱ ይልጠዋል፤ ሙቀቱም ሥጋው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲያርፍበት ወርዶ ሥጋው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

አዲስ አበባ ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት ፓቲው ውስጥ ነው። እንቁላል፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ይታሻል። የሚወጣው ኮፍታ ነው፤ ኮፍታ መልካም ምግብ ነው፣ በርገር ግን አይደለም። እነዚህ ነገሮች የሚጨመሩት ሥጋው እንዳይበታተን ነው፤ ሥጋው የሚበታተነው ደግሞ ስብ ስለሌለው ነው። የአገራችን ከብት በግጦሽ ያደገ ስለሆነ ቀዩ ሥጋ በጣም ቀይ ነው። ሉካንዳ ስትሄዱ 800 ግራም ቀይ ሥጋ፣ 200 ግራም ስብ አስመዝኑ፤ ፍሪምባና ሻኛ ቢገባበት ጣዕሙ ይበልጣል። ሁለቱንም አቀዝቅዛችሁ አስፈጩ፤ ስቡ ከሞቀ መፈጨቱ ይቀርና ይላቆጣል። ጨው ፓቲው መጥበሻ ላይ ካረፈ በኋላ እንጂ ከሥጋው ጋር አይታሽም፤ ቀድሞ ከገባ የሥጋውን ፕሮቲን አሟሙቶ ያጣብቀውና እንደ ቋሊማ ላስቲክ ያደርገዋል።

ዳቦውም ችላ አይባል። የተቆረጠውን ፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ቀብታችሁ መጥበሻ ላይ አንድ ደቂቃ ብታደርጉት ጭማቂው ቶሎ አይሰርገውም። በ1984 ሶክ ሲቲ፣ ዊስኮንሲን የተከፈተው ከልቨርስ በርገሩን «በተርበርገር» ያለው የላይኛው ዳቦ ቅቤ ስለሚቀባ ነው። ዋታበርገር በ1950 ኮርፐስ ክሪስቲ፣ ቴክሳስ ሲጀምር ዳቦውን 5 ኢንች፣ ወደ 13 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ያሠራው ሰው በሁለት እጁ እንዲይዘው ብሎ ነበር፤ ሥጋውም በዚያው ልክ ሰፊና ቀጭን ነው። ወፍራም ፓቲ በጠባብ ዳቦ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያው ንክሻ ሥጋው በኋላ በኩል ይወጣል።

ውስጡ ቀይ የሆነ በርገር የሚናፍቁ አሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1993 በሲያትል አካባቢና በሌሎች የምዕራብ ግዛቶች ጃክ ኢን ዘ ቦክስ በተባለ ሰንሰለት በርገር ኢ. ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው አራት ሕፃናት ሞተዋል፤ ምክንያቱም በደንብ ያልበሰለ ሥጋ ነበር። ሲፈጭ ከላይ የነበረው ተሕዋስ መሐል ይገባል፤ ስለዚህ የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ጥሬ ሥጋ ለለመድን ለእኛ ይህ የማይጥም ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከብዙ ከብት ተቀላቅሎ በፋብሪካ የተፈጨ ሥጋ ሉካንዳ ቆመን እንደምናስቆርጠው ብልት አይደለም። ቀጭኑ ፓቲ እስከ መሐሉ ቶሎ ስለሚበስል በዚህ በኩል ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ቺፕስ፤ ይህ በተለይ ጾም ለሚጾሙ ነው። ማክዶናልድስ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1990 ድንቹን የሚጠብሰው በአብዛኛው በበሬ ስብ ነበር፤ «የድሮው ቺፕስ ይጣፍጥ ነበር» የሚሉ ሰዎች የሚያስታውሱት እሱን ነው፣ ልክም ናቸው። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ የአትክልት ቢሆንም እዚያው አሜሪካ በሚሸጠው ቺፕስ ውስጥ ከወተት ተዋጽኦ የተሠራ የሥጋ ማጣፈጫ አለ፤ ስለዚህ የጾም አይደለም። ስቴክ ኤን ሼክ በ2025 ወደ በሬ ስብ ተመልሷል፤ እሱም በጾም አይሆንም። ኢን-ኤን-አውት በሱፍ ዘይት፣ በ1986 አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ የተጀመረው ፋይቭ ጋይስ ደግሞ በኦቾሎኒ ዘይት ይጠብሳሉ፤ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግን ከሁለተኛው ይጠንቀቅ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የምግብ ዓምዳችሁ ስለ በርገር ሲጽፍ «የተፈጨ ሥጋ እንደ አስፈላጊነቱ» ከማለት ይልቅ የሥጋውንና የስቡን ክብደት፣ የፓቲውን ውፍረት፣ የመጥበሻውን ዓይነትና የሚፈጀውን ደቂቃ ቢያትም፣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባም የእንፋሎቱን ጊዜ ለየብቻ ቢያሳይ፣ አንባቢ በአንድ ቀን ሞክሮ ሊያወጣው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ